የአገሩ ሰው ሲያነበው

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቷል። ላሊበላን ያየው በዚያ ጊዜ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ እየዞረ ዓምዱን፣ መስኮቱን፣ ጣራው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ሳይቀር ሲገልጽ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ ብዕሩን ይገታል። ከዚህ በላይ መጻፍ ታከተኝ ይላል፤ አንባቢዎቹ ውሸታም እንዳይሉት ሰግቷል። የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑንም በእግዚአብሔር ስም ይምላል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ።

ይህ ቄስ ከልቤ የማይወጣው በመሐላው ምክንያት ነው። አንባቢዎቹ ባሕር ማዶ ነበሩ። ላስታ ድረስ ሄዶ አይቶ “እውነትህን ነው” ወይም “አጋነንህ” የሚለው ሰው ከመካከላቸው አይገኝም። የላስታ ገበሬና ካህን ደግሞ ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ፖርቱጋልኛ የሚያነቡበት መንገድ አልነበራቸውም። መሐላ ብቻ ቀረለት። የጉዞ ጽሑፍ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው እንዲሁ ነው፤ የተጻፈለት ሰው አገሩን አያውቅም፣ የተጻፈበት ሰው ጽሑፉን አያይም።

እኔ ዛሬ ማታ ስለ ሐረር የምጽፈውን ግን ነገ ጠዋት በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ያለ ባለሱቅ በስልኩ ያነበዋል። እኅቱ ዋሽንግተን ሆና ታነበዋለች፤ አጎቱ ጅዳ ሆኖ ለሌሎች ያስተላልፈዋል። ስለ ጉዞ መጻፍ ስማር ከሁሉ በላይ የለወጠኝ ይህ ነገር ነው። አንባቢዬ አድርጌ የማስበው ያንን አገር አይቶ የማያውቀውን ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ፊት ለፊቴ የማስቀምጠው ግን እዚያው የተወለደውን ሰው ነው። እርሱ አንብቦ “አዎ፣ ይህ የእኛ ነው” ካለ በኋላ ዝም ብሎ ቆይቶ “ይህን ግን እኔም ልብ ብዬው አላውቅም” እንዲል እመኛለሁ።

የአገሩን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ መጻፍ መጀመሪያ የሚያጠፋው ቅጽሎችን ነው። “እጅግ ማራኪ”፣ “ዐይንን የሚያፈዝ”፣ “በተፈጥሮ ጸጋ የታደለ”፣ “እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ያለበት”፤ እነዚህን ቃላት በየመጽሔቱና በየጉዞ ማስታወቂያው እናገኛቸዋለን። ከአንቀጹ ውስጥ አርባ ምንጭ የሚለውን ስም አውጥታችሁ ጅማ የሚለውን ብታስገቡበት ምንም የሚጎድል ነገር የለም። ከጻፍኩት ገጽ ላይ የቦታውን ስም እሸፍንና የሌላ ከተማ ስም በሐሳቤ እተካበታለሁ። አንቀጹ ሳይንገዳገድ ከቆመ እሰርዘዋለሁ። አርባ ምንጭ ለተወለደ ሰው አገሩ ውብ እንደሆነ መንገር ምን ይጨምርለታል?

መንገዱን ልውሰድ። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ መስኮት አጠገብ መቀመጥ እወዳለሁ፤ ከዚያ ይበልጥ የምወደው ግን ከጎኔ የአካባቢው ሰው ሲቀመጥ ነው። አዳማን አልፎ መተሐራ ጋ ሲደረስ ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግራና ቀኙን ይሞላዋል፤ ከድንጋዩ መሐል የበሰቃ ሐይቅ ያበራል። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። በአንድ ጉዞ ላይ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ስልክ አላወጡም። አሰበ ተፈሪ የሚወርዱ ሰው ነበሩ። “አባባ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?” አልኳቸው። “መንገድ ነበር፤ እኔ በልጅነቴ የሄድኩበት መንገድ አሁን ውሃው ሥር ነው” አሉኝ።

ያ አጭር መልስ ሐይቁን ሌላ ሐይቅ አደረገብኝ። በሰቃ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ትንሽ ውሃ ሲሆን ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። አስፋልቱንም ሐዲዱንም አስጨንቋል፤ የግጦሽ መሬት ውጧል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ሰው አይጠጣውም፣ እርሻም አያጠጣም። ከምክንያቶቹ መካከል ከመሬት ሥር የሚመጣው የፍልውሃ ምንጭና ከአካባቢው የመስኖ እርሻ ሰርጎ የሚገባው ውሃ ይጠቀሳሉ። ፎቶግራፉ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ ሰማያዊ ውሃና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየው።

ከዚያ አዋሽን፣ ሚኤሶን ያልፋል። ወደ አሰበ ተፈሪ ሲወጣ ሙቀቱ ይለቃል፤ ሂርናን፣ ቁልቢን ተሻግሮ ሐረማያ ይደርሳል። እዚያ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ጭራሽ ደርቆ ነበር። ዙሪያውን ያለው የጫትና የአትክልት እርሻ በሞተር እየሳበው፣ ከተሞች እየጠጡት፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈር እየሞላው አለቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት የነበረው ሜዳ ከብት መዋያ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ ጀምሯል። እንግዲህ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ፣ አንዱ ሐይቅ አስፋልት ሲውጥ ሌላው ከዐይን ጠፍቶ ተመልሷል። ይህን ሳይጽፉ ስለ መልክዓ ምድሩ ውበት ሦስት ገጽ መጻፍ ያሳዝነኛል። “ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?” የሚለውን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ጥዬው አላውቅም። ማንንም አያስከፋም፤ የሚመልሰው ደግሞ ምሁር መሆን የለበትም፣ እዚያ የኖረ ሰው መሆኑ ይበቃል።

ከሐረማያ ቀጥሎ አወዳይ ነው፣ የጫት ገበያው። ስለ አወዳይ የሚጻፈው በሁለት ይከፈላል፤ ወይ ተግሣጽ ነው፣ ወይ እንዳላዩ ማለፍ። ሁለቱም የአወዳይን ሰው አይመለከቱትም። ጫቱን ማን ቆረጠው፣ ማን ያስረዋል፣ በስንት ሰዓት ይጫናል፣ ጅቡቲና ሶማሌላንድ የሚጠብቀው ደንበኛ ጋ ሳይጠወልግ እንዴት ይደርሳል? ቅጠሉ ከዛፉ ከተለየ በኋላ ዋጋው በየሰዓቱ ስለሚወርድ ከተማዋ በሙሉ በጥድፊያ ትኖራለች። ያንን ጥድፊያ ጽፎ ፍርዱን ለአንባቢ መተው ይቻላል።

ሐረር ላይ ከእኛ በፊት የጻፉባት ብዙዎች ናቸው። እንግሊዛዊው መኮንን ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 የአረብ ነጋዴ መስሎ ተጉዞ፣ ከከተማዋ ደጃፍ ሲደርስ ማንነቱን ገልጦ ገባ። አሥር ቀን ቆየ። በዓመቱ የወጣው መጽሐፉ ስለ ከተማዋ ሰዎች ጠባይ የሚለው አብዛኛው ንቀት ነው፤ አንድም ሐረሪ አንብቦ ይጠይቀኛል ብሎ የጻፈ ሰው አይመስልም። ሆኖም በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አያይዟል። እኔ ከሥራው ሁሉ የማከብረው ያንን ነው። ቃል ሲለቅም ሰዎቹን መስማት ነበረበት፤ ጠባያቸውን ሲፈርድ ግን መስማት አላስፈለገውም።

በዚህ ነገር ላይ የእኛው ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1931 በመልእክተኝነት ጃፓን ሄደው ሲመለሱ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የሚለውን መጽሐፍ ለኢትዮጵያ አንባቢ አዘጋጁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጽሐፉ በጃፓንኛ ቶኪዮ ላይ ታተመ። የተጻፈበት ሕዝብ አነበበው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ የጉዞ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ዕጣ የሚገጥመው በስንት አንዴ ነው! ለእኛ ግን የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል፤ ሆኖም ብዙዎቻችን አሁንም እንደ በርተን ዘመን፣ ማንም እንደማይጠይቀን ሆነን እንጽፋለን።

ለምሳሌ የራምቦ ቤት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነጋዴ ሆኖ ሐረር መጥቶ ከተማዋን የኑሮው ማእከል አድርጓት እንደነበር እርግጥ ነው። በጉልበቱ በሽታ ምክንያት በቃሬዛ ተይዞ የወጣውና በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ቤቱ ተብሎ የሚጎበኘው ባለ ቀለም መስታወት የእንጨት ሕንፃ ግን ከሞቱ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ከተማው ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሞልቷል። እንግዳ ጸሐፊ ግን ባለቅኔውን ከመስኮቱ ላይ አስቁሞ ጀንበር ስትጠልቅ ያሳየዋል። አንድ ጊዜ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ የበለጠ ነገር ያገኝ ነበር፤ የሕንድ ነጋዴ ሐረር ውስጥ ያንን የመሰለ ቤት የሚያሠራበት ምክንያት ራሱ ትልቅ ታሪክ ነውና።

ስለ ጅቡ ምን ልበል? ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ የሚያበላውን ሰው ሳያነሣ የሚጽፍ የለም። እኔም አይቻለሁ፤ ልብ የሚያስደነግጥ ነው። ግን እርሱ ተጽፏል፣ በፎቶግራፍም በፊልምም አልቋል። ቀን ላይ በጀጎል ግንብ ሥር እየሄዱ ከመሬት ጋር የተያያዙትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ማየት ይሻላል። ጅቦቹ ሌሊት የሚገቡባቸው ናቸው፤ ገብተው የመንገዱን ትርፍራፊና ቆሻሻ አጽድተው ይወጣሉ። በአሹራ ቀን ደግሞ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል፤ በአበላላቸው የመጪው ዓመት ዕድል ይገመታል። ለአውሬ በግንቡ ላይ በር የሰጠ ከተማ ስለ ጉርብትና የሚያስበው ነገር አለ። የሐረር ልጅ ስለ ጅብ የተጻፈ ሲያነብ የሚሰለቸው፣ ማታ ማታ የሚታየው ትርኢት ይህን ሁሉ ስለሚሸፍንበት ይመስለኛል።

ግንቡ ውስጥ አንዲት እናት እንግዳ የሚያሳድሩበት አሮጌ የሐረሪ ቤት አላቸው። ወለሉና ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄደው መቀመጫ፣ ነደባው፣ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ግድግዳው ላይ ሰፌዶች፣ ሳህኖች፣ የእንጨት ዕቃዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ተሰቅለዋል። ማታ ከነደባው ጥግ ተቀምጬ ስጽፍ አይተው “የጻፍሽውን አንብቢልኝ” አሉኝ። ከቡና ገለባ የተፈላ ትኩስ መጠጥ ቀድተውልኝ ተቀመጡ። ቤታቸውን የገለጽኩበትን አንቀጽ አነበብኩላቸው። ከበሩ በላይ ያለው አግዳሚ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተቀመጠ በዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነም ጽፌ ነበር። አስጎብኚ ሁሉ የሚናገረው ነው።

ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እንጨቱ ተመለከቱ። “የእኔ ልጅ ያገባችው ቶሮንቶ ነው። ምንጣፉን የዚያን ዕለት በስልክ እያየችኝ አወረድኩት” አሉኝ።

ስለ ሐረሪ ቤት ካነበብኩት ሁሉ ይህ ዓረፍተ ነገር ይበልጥብኛል። እኔ የጻፍኩት ሥርዓቱን ነው፤ ሥርዓት ደግሞ ከማንኛውም አስጎብኚ ይገኛል። እርሳቸው የነገሩኝ ያ ሥርዓት ልጆቿ ባሕር ማዶ በተበተኑባት ከተማ ውስጥ ዛሬ እንዴት እንደሚኖር ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ለተጻፈበት ሰው አነብለታለሁ። ብዙውን ጊዜ እርማት ይመጣል ተብሎ ይፈራል። እርማት መምጣቱ አይቀርም፤ ከእርማቱ ጋር ግን ጠይቀን የማናገኘው ነገር አብሮ ይመጣል። ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ሲሰማ የጎደለውን መሙላት ይፈልጋል።

ስለ ማስታወሻ ደብተሩም ትንሽ ልናገር፤ ብዙ ምክር የሚሰጥበት ነገር ስለሆነ አላስረዝመውም። የሰማሁትን ንግግር በዚያው ቀን፣ ሳልተኛ፣ ሰውየው በተናገረበት አነጋገር እጽፋለሁ። ነገ ካልኩ የእኔ አነጋገር ይሆናል። የዐይኔን ብቻ ሳይሆን የጆሮዬንም እጽፋለሁ፤ ጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎቹ ጎዳና ከመታየቱ በፊት የስፌት መኪናዎቻቸው ድምፅ ይሰማል። ትርጉሙ ያልገባኝን ነገርም ሳልተረጉም እመዘግባለሁ። የኋለኛው ከሁሉ ይበልጥ እንደሚጠቅም የገባኝ ስለዚያው ቤት ስጽፍ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ አስተሳሰቤ አይስማሙም። “ለአገሩ ሰው ብለሽ ከጻፍሽ ማወደስ ትጀምሪያለሽ፤ ማን ስለ ከተማው ክፉ እንዲነገር ይወዳል?” ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አገሩን የሚወድ ሰው እንግዳ ሲነቅፍበት እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ ከተማው ከራሱ ከነዋሪው በላይ የሚያማርር የለም። ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ፈረሰው ግንብ፣ ስለ ጎረቤቱ ያወራል። የሚያስቆጣው ችግሩ መጻፉ ሳይሆን፣ ችግሩን ያየ ሰው ከዚያ ሌላ ምንም እንዳላየ ሆኖ መጻፉ ነው። ውዳሴን ደግሞ የአገሩ ሰው ከማንም በፊት ይለየዋል። ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። ይህን ለሐረር ሰው ደጋግሞ መንገር ደስ አያሰኘውም፤ ይልቅስ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በየትኛው እንደገባሁና ማን መንገድ እንዳሳየኝ ቢያነብ ይመርጣል።

የቤቱን ጽሑፍ ስጨርስ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ቶሮንቶ ላለችው ልጅ ላክሁላት። ምንጣፉ የእርሷ ነው፤ ፈቃዷ ያስፈልገኝ ነበር። ደወለችልኝ። ምንጣፉ ጋ ስትደርስ እንዳለቀሰች ነገረችኝና ቆይታ “እናቴ ስለ ውሃው ምንም አላለችሽም?” አለችኝ።

አላሉኝም። ደብተሬን ገለጥኩት። ግቢው ውስጥ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች ተጽፈዋል። ሌሊት በር ተከፍቶ የዕቃ ድምፅ እንደሰማሁ ተጽፏል። ከምግብ በፊትና በኋላ እጄ ላይ ውሃ ሲፈስልኝ የምታስታጥበኝ ልጅ ማስታጠቢያውን ዝቅ አድርጋ በቀጭኑ እንደምትቀዳ ተጽፏል። ሁሉም እዚያው ነበር፣ አጠገብ ለአጠገብ፣ ሳይተረጎም። ለእንግዳ ችግር አይነገርም። በአገራችን የሚጓዝ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ በየሄደበት የሚታየው ቤቱ ለእንግዳ የሞላው ክፍል ነው፤ እንግዳው ደግሞ የሞላውን አይቶ “ተትረፈረፈ” ብሎ ይጽፋል። የጎደለውን የሚያየው ማን እንደሚሸከም፣ ማን ከሁሉ በኋላ እንደሚታጠብ፣ ማን ሌሊት እንደሚነሣ ካየ ብቻ ነው።

ለእናቲቱ ደወልኩ። “እንግዳ ስለ ውሃ ይጨነቃል እንዴ?” ብለው ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ነገሩኝ። ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሌሊት ስለሆነ ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላል። ድሮ ከተማው የሚጠጣው ከሐረማያ ነበር፤ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ውሃው በድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ ይመጣል። በመስኮት አይቼ በሜዳነቱ ያዘንኩለት ሐይቅ እዚህ ቤት ድረስ እንደሚደርስ አላሰብኩም ነበር። በእጄ ላይ የፈሰሰው ቀጭን ውሃ የዚያ ሜዳ ቀጣይ ነው።

የቤቱንና የመንገዱን ጽሑፍ አንድ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። በሰቃ አጠረ፤ የራምቦ ቤት ወጣ፤ ጅቡ በአንድ አንቀጽ ብቻ ቀረ። የሐረማያ ገበሬ ውሃ የሚስብበት ሞተር፣ የአወዳይ ጥድፊያና የሌሊቱ ጀሪካን አንድ መስመር ላይ ገቡ። ጨርሼ በስልክ ሳነብላቸው እናቲቱ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። ሌሊት ውሃ በመቅዳት የምትረዳቸውን ጎረቤት ስም እንዳላነሣ፣ ባሏ አይወድም አሉ። ሁለተኛው ደግሞ ውሃው የሚመጣበትን ተራ በትክክል እንድጽፍ፣ የሰፈሩ ሰው ሲያነበው “ይህ የእኛ ቀን አይደለም” እንዳይል። ስሙን ሰረዝኩ፤ ስለ ተራው ሁለት ሌሎች ቤቶች ጠየቅሁና ጻፍኩት።